መርሳ ቅርብ ናት፦ የመኪና ቀበቶና የጩኸቱ ታሪክ

በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ አንዲት ሲድሌይ መኪና ከጂቡቲ አንሥቶ፣ በረሃውንና ዳገቱን እየገፋ አዲስ አበባ አደረሳት። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ ነገር ሲመጣ ዳር ቆመው የሚያዩ ሰው አልነበሩምና ተሳፍረው ሞከሯት። ተሳፋሪን ከወንበሩ ጋር የሚይዝ ቀበቶ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ያኔ ለመኪና ቀበቶ ያስፈልጋል ብሎ የሚጨነቅ ሰው የለም። መንገዱስ መቼ ያስሮጥና!

በዚያን ጊዜ በሰሜን ወሎ፣ የጁ ውስጥ ከወልዲያ ተነሥቶ ወደ መርሳ የሚወርድ ገበያተኛ 30 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በእግሩ ወይም በበቅሎው ይጓዝ ነበር። ማለዳ ወጥቶ ማታ መግባት ነው። ይህን ቀን ሙሉ የሚፈጅ ጉዞ ያሳጠረው ጣሊያን ነው። በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን የወረረው የሙሶሊኒ ጦር አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ መንገድ በጥድፊያ ዘረጋ። መንገዱ ከአላማጣ በቆቦ አድርጎ ወልዲያ ይገባል፤ ከዚያ በስሪንቃ፣ በመርሳና በውርጌሳ አልፎ ደሴ ይወጣል። ጣሊያን ተባርሮ ሲወጣ መንገዱ ቀረ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ኤንትሬ የሚባለው የፊያት ጭነት መኪናም ዳገት ቁልቁለቱን ለመደው። ከወልዲያ መርሳ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሆነ። መርሳ «ቅርብ ናት» መባል የጀመረችው ከዚህ በኋላ ነው።

መኪና ገዳይ መሆኑን አገሩ በደንብ የተማረው በቤተ መንግሥት ሐዘን ነበር። በግንቦት 1949 ዓ.ም. የሐረሩ መስፍን ልዑል መኮንን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተወዳጅ ልጅ፣ ወደ ናዝሬት ሲሄዱ በመኪና አደጋ ሞቱ። ናዝሬት ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። አዲስ አበባ ጥቁር ለበሰች።

ልዑሉ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ስዊድን ውስጥ ኒልስ ቦሊን የሚባል መሐንዲስ ከባድ ሥራ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ቦሊን ቮልቮ የሚባለው መኪና ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት ሳብ በሚባለው ፋብሪካ የጦር አውሮፕላን አብራሪን ከነወንበሩ ወደ ውጭ የሚያስፈነጥር መሣሪያ ይነድፍ ነበር። ሥራው ሰውን ከአደጋ አስወጥቶ መወርወር ነበር ማለት ነው። አሁን የተሰጠው የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ሰውየው ከወንበሩ እንዳይወረወር ማድረግ። በፊት ከነበሩት ቀበቶዎች ብዙዎቹ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰሩ ሲሆኑ መቆለፊያቸው ሆድ ላይ ስለሚያርፍ በግጭት ጊዜ የሆድ ዕቃን ይጎዱ ነበር። ቦሊን አንዱን ጥብጣብ በትከሻና በደረት፣ ሌላውን በዳሌ አጥንት ላይ አሳለፈና መቆለፊያውን ወደ ጎን ዝቅ አደረገው። በተለይ የተጨነቀበት ነገር በአንድ እጅ መታሰር እንዲችል ነበር፤ ሰው ስንፍና እንደማያጣው ገብቶታል። ይህ ባለሦስት ነጥብ ቀበቶ የተገጠመለት የመጀመሪያው ቮልቮ ነሐሴ 7 ቀን 1951 ዓ.ም. ለገበያ ወጣ። ፋብሪካው የፈጠራ መብቱን ለሌሎቹ መኪና ሠሪዎች ክፍት አደረገው።

ቀበቶው እኛ ዘንድ የደረሰው ቀስ ብሎ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ቮልስዋገኑን እየነዳ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ። በሮም ባዶ እግሩን፣ በቶኪዮ ደግሞ በጫማ ማራቶን ያሸነፈው ጀግና ሌሊቱን መኪናው ውስጥ ተይዞ አደረ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ቢታከምም እግሮቹ አልተመለሱለትም። ኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ዐረፈ። ሸኖ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ያንኑ መንገድ ይዞ የቀጠለ ሰው ደሴን አልፎ መርሳና ወልዲያ ይደርሳል።

ከአበበ አደጋ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቦሊን ስዊድን ውስጥ የደረሱ 28 ሺህ አደጋዎችን አጥንቶ ውጤቱን አሳትሞ ነበር። ቀበቶ ያላሰሩ ሰዎች በዝግታ በሚነዳ መኪናም ሞተዋል። ያሰሩት ግን በሰዓት ወደ 96 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ድረስ አንድም አልሞተም። «አጭር መንገድ ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ለሚል ሰው ከዚህ የከፋ ዜና የለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግንብ ሲመታ ያልታሰረው ተሳፋሪ የሚደርስበት ከሦስት ፎቅ ላይ ከመውደቅ አይተናነስም። 50 ደግሞ ከወልዲያ ፒያሳ ወደ መቻሬ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ለመሄድ እንኳ የሚነዳበት ፍጥነት ነው።

በታኅሣሥ 1963 ዓ.ም. የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ቀበቶ ማሰርን በሕግ አስገደደች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። አሜሪካኖች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ሰውን በሕግ ከማስገደድ ይልቅ መኪናው ራሱ ይጨቅጭቀው አሉ። ጭቅጭቁ የጀመረው በመብራትና በጩኸት ነው። ሰዎቹም ወዲያው ዘዴ አገኙለት፤ ቀበቶውን ወንበሩ ላይ ቆልፎ በላዩ መቀመጥ። መንግሥት ደግሞ ባሰ። በ1966 ዓ.ም. የወጡት የ1974 ሞዴል መኪኖች የፊት ተሳፋሪዎች ቀበቶ ካላሰሩ ሞተራቸው እንዳይነሣ ተደርገው ተሠሩ።

አገር ተተራመሰ። ሰውየው ከገበያ የገዛውን አስቤዛ ጎኑ ካስቀመጠ መኪናው ሰው መስሎት አልነሣም ይላል። ውሻ ከተቀመጠም እንደዚያው። ሰው ዳቦውን ቀበቶ እያሰረ ወደ ቤቱ ሄደ። የምክር ቤት አባላት የደብዳቤ ጎርፍ ወረደባቸው፤ «መንግሥት መኪናዬ ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚል ነበር ጥያቄው። በመጨረሻ ኮንግረሱ ሕግ አወጣ፦ ሞተር እንዳይነሣ የሚከለክል መሣሪያ ማስገደድ ተከለከለ፤ የማስጠንቀቂያው ጩኸትም ከ8 ሴኮንድ እንዲበልጥ ማስገደድ አይቻልም ተባለ። ፕሬዚዳንት ፎርድ ፊርማቸውን ያኖሩት በጥቅምት 1967 ዓ.ም. ነው።  

8 ሴኮንድ ጥቂት ናት። ቁልፍ አዙሮ፣ መስታወት አስተካክሎ፣ የእጅ ፍሬን እስኪያወርድ ታልቃለች። አሜሪካዊው ሾፌር ሳያስር ታግሦ ጠበቃት፤ እሷም ዝም አለች። ይህ ሕግ እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ፣ ከ37 ዓመት በላይ ቆየ። በዚህ መካከል መኪና ሠሪዎች በፈቃዳቸው ረዘም ያለ ጩኸት መሥራት ጀመሩ። ፎርድ እየቆመ የሚቀጥል ማስጠንቀቂያ ሲገጥም፣ በመኪኖቹ ላይ በተደረገ ጥናት ቀበቶ የሚያስረው ሾፌር ከመቶ 71 የነበረው ወደ 76 ከፍ አለ። አውሮፓ ውስጥም ለመኪኖች የደህንነት ነጥብ የሚሰጠው ድርጅት ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ለሚጮህ መኪና ነጥብ ይጨምር ነበርና ጩኸቱ ተስፋፋ። ጃፓን የሠራቻቸው መኪኖችም ጩኸቱን ይዘው መጡ። ኢትዮጵያ በብዛት ትገዛ የነበረው ደግሞ ያገለገሉ የጃፓን መኪኖችን ነው።

ወደ ወልዲያ እንመለስ። በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከወልዲያ ተነሥቶ በደብረ ታቦር ወረታ የሚገባውን መንገድ ሠሩ፤ እስከ ዛሬም ሰዉ የቻይና መንገድ ይለዋል። ወልዲያ የሦስት አቅጣጫ መገናኛ ሆነች። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ባጃጁ ከተማውን ሞላው፤ ቅጥቅጡ፣ ሚኒባሱና አባዱላው አውራ ጎዳናውን ያዙ። ስለ ቀበቶ በግልጽ የሚያወራ አገር አቀፍ ሕግ በ2003 ዓ.ም. ወጣ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ቀበቶ ማሰርን ግዴታ አደረገ፤ እየነዱ በእጅ ስልክ ማውራትንም ከለከለ። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሎ ቅጣቱ ከብዷል።

ሕጉ የፈጠረውን ልማድ ለማየት ከወልዲያ መናኸሪያ የመርሳ ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ መግባት ይበቃል። መኪናው ሞልቶ፣ ረዳቱ ሂሳብ ሰብስቦ ሲነሣ ማንም ቀበቶ አይነካም። ቀበቶው አቧራ ጠጥቷል፤ ሸሚዝ ያበላሻል። አንዳንዱ መቆለፊያው ከጠፋ ቆይቷል። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ ካደረገ ግን ሾፌሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል ማለት ነው። «ጋቢና ቀበቶ! ሳቡት፣ ሳቡት» ይላል። ተሳፋሪው ጥብጣቡን ጎትቶ ደረቱ ላይ ያሳርፍና ጫፉን በእጁ ጨብጦ ይይዛል። አልቆለፈውም። ትራፊኩ ጎንበስ ብሎ አየት ያደርጋል፣ እጁን ያወዛውዛል፣ መኪናው ያልፋል። ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ ቀበቶው ወደ ቦታው ይንጠለጠላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሾፌሩም ተሳፋሪውም ከትራፊኩ እንጂ ከመንገዱ ጋር አልተነጋገሩም።

መኪናው ውስጥ የተተከለው ጩኸት የማይታለል ትራፊክ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። መብራት ብልጭ አድርጎ የሚያስጠነቅቅለት ወዳጅ የለውም፣ ጥብጣብ በእጅ ቢይዙለት አያምንም። ስለዚህ ሰዉ ጸጥ ማሰኛ ፍለጋ ይወጣል። የቤት መኪና ያለው ሰው ከመርሳ ወልዲያ ሲመላለስ ጋቢናው ወንበር ላይ የብርቱካን ከረጢት ካስቀመጠ ወንበሩ ሥር ያለው መመዘኛ ሰው ነው ይላል፤ ጢን፣ ጢን፣ ጢን። ብርቱካን ቀበቶ አያስርም። በዚህኛው ሰው ላይ መፍረድ ይከብዳል፤ ከረጢቱን ወደ ኋላ ወንበር ቢያዛውረው ግን ጩኸቱም ያልቃል፣ ፍሬን ሲይዝም ብርቱካኑ አይበተንም።

ሌላው ጋራዥ ይሄዳል። ኤሌትሪክ ሠሪው ወንበሩ ሥር እጁን ልኮ ሶኬቱን ይነቅላል ወይም ሽቦውን ይቆርጣል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሚያስከትለው ነገር ግን ለባለቤቱ ብዙ ጊዜ አይነገረውም። በብዙ መኪኖች የቀበቶው መቆለፊያ መረጃውን የሚልከው ለኤርባጉ ኮምፒውተር ነው። ሽቦው ሲበጠስ ክሩስኮቱ ላይ የኤርባግ መብራት ይበራና ኤርባጉ ራሱ ላይሠራ ይችላል። መቆለፊያው ውስጥ ባዶ ምላስ የሚሰካው ደግሞ መኪናውን ይዋሸዋል። ኮምፒውተሩ ሰውየው ታስሯል ብሎ ያስባል፤ በአንዳንድ መኪኖች ኤርባጉ በምን ያህል ግጭት እንደሚፈነዳ የሚወስነው ይህን አይቶ ነው። ኤርባግ የተሠራው ለታሰረ ሰው ነው። በሴኮንድ ሽራፊ ተነፍቶ ሲወጣ፣ ያልታሰረው ሰው ደግሞ ወደ ፊት እየተወረወረ ይገናኛሉ።

ከጋራዡ ጎን ሻይ ይዞ የሚከራከር ሰው ሌላ ምክንያት አያጣም። መኪና ቢገለበጥ ወይም ቢቃጠል ቀበቶ አስሮ ያስቀራል ይላል። መኪና የሚቃጠልበት አደጋ ጥቂት ነው፤ ሲቃጠልም የሚወጣው ራሱን ያልሳተ ሰው ነው፤ ራስን ከመሳት የሚያድነው ደግሞ ቀበቶው ነው። ከመርሳ በላይ ባሉት ጠመዝማዛ ቦታዎች መኪና ሲገለበጥ በመስኮት የሚወጣውን ሰው መኪናው ራሱ ላዩ ላይ አርፎ ሊገድለው ይችላል። «እኔ ቀስ ብዬ ነው» ይላል ደግሞ ሌላው። ከፊቱ የሚመጣው አይሱዙ ቀስ እንደማይል እያወቀ።

በነሐሴ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. የዚህ ክርክር መልስ ከህንድ መጣ። የታታ ኩባንያዎች ስብስብ ሊቀመንበር የነበሩት ሳይረስ ሚስትሪ ሙምባይ አቅራቢያ በደረሰ አደጋ ሞቱ። የኋላ ወንበር ላይ ነበሩ፤ ቀበቶ አላሰሩም። መኪናው ዘመናዊ፣ ቀበቶውም በቦታው ነበር። ከዚያ በኋላ የህንድ መንግሥት ዓይኑን ወደ ገበያው አዞረ። እንደ ቁልፍ ማንጠልጠያ የምታምር አንዲት የብረት ምላስ፣ መቆለፊያው ውስጥ ገብታ ጩኸቱን የምታጠፋ፣ በኢንተርኔት ሱቆች በሺህ እየተቸበቸበች ነበር። በግንቦት 2015 ዓ.ም. የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣኑ አምስት ትልልቅ የኢንተርኔት ሱቆችን እንዲያነሷት አዘዘ፤ 13,118 የሽያጭ ማስታወቂያዎች ወረዱ።

እኛ ዘንድ ሌላ ለውጥ እየመጣ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ቢዋይዲና ቻይና የተሠራው ቮልስዋገን አይዲ 4 የአዲስ አበባን መንገድ ሞሉት፤ አንዳንዱ ስክሪኑ ላይ የሚጽፈው በቻይንኛ ነው። እነዚህ መኪኖች ሞተራቸው ድምፅ የለውም። ስለዚህ የቀበቶው ጩኸት ከድሮው ይልቅ ጎልቶ ይሰማል፤ የድሮ ኮሮላ የነዳ ሰው አዲሱን ሲነዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን ነገር እንዴት ላጥፋው?» ብሎ ነው። ማጥፋቱ ግን ከባድ ሆኗል። በአዲሶቹ መኪኖች ጩኸቱ በሽቦ ብቻ ሳይሆን በሶፍትዌር የተጻፈ ስለሆነ ሶኬት የለመደው ኤሌትሪክ ሠሪ የሚነቅለው ነገር ያጣል።

ዓለምም ወደዚያው እየሄደች ነው። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪዎች ደንብ የተስማሙት አገሮች አዲስ መኪና ከኋላ ወንበርም ጭምር እንዲያስጠነቅቅ አስገድደዋል። ጩኸትን በ8 ሴኮንድ የገደበችው አሜሪካ ራሷ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደንቧን አጥብቃ ጨረሰች፤ ከፊት ወንበር የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ተሳፋሪው እስኪያስር ድረስ እንዲቀጥል፣ ከኋላም እንዲኖር አዘዘች። የዓለም ጤና ድርጅት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት፣ ቀበቶ ማሰርም የመሞትን ዕድል እስከ ግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል።

መርሳ በምትገኝበት በሀብሩ ወረዳ የሚጓዘው አብዛኛው ሰው ግን የዚህ ክርክር ተካፋይ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. በጎረቤት ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ወረዳ፣ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው ሲሞት አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። በእኛ መንገድ የሚመላለሱት አብዛኞቹ አውቶቡሶችና ቅጥቅጦች ለተሳፋሪ ቀበቶ የላቸውም። ባጃጁም የለውም። የመርሳው ሚኒባስ ሾፌርና ጋቢና የተቀመጡት እናስር ወይስ አናስር እያሉ ሲከራከሩ፣ ከኋላቸው ትርፍ ተጭኖ ተጣብቦ የተቀመጠው ሰው የሚያስረውም፣ የሚጮህበትም፣ የሚያጠፋውም ነገር የለውም። የሚችለው ነገር ቢኖር ከጋቢናው ጀርባ ሆኖ «ሾፌር፣ ቀስ በል እንጂ» ማለት ነው፤ ይህንንም አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት እናቶች ናቸው።